ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚቀር ሥር የሰደደ የፕሮስቴት መቆጣት፦ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያሉ አማራጮች

የፕሮስቴት ካንሰር በጨረር ከታከመ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሳት ወይም ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ወንዶች ይህን ሲያዩ «ካንሰሩ ተመለሰ» ብለው ይደነግጣሉ። ሌሎች «የዕድሜ ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ወይም ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየገዙ ለወራት ይውጣሉ። ሦስቱም መንገዶች ያስቸግራሉ። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከምን ከምን መለየት እንዳለበት፣ እንዲሁም ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያብራራል።

በአጭሩ

• ከጨረር በኋላ የሚመጣ የፕሮስቴት መቆጣት አብዛኛውን ጊዜ በጀርም የሚመጣ አይደለም። ጨረሩ በደም ሥሮችና በሕብረ ሕዋስ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው።
• ይህ ስም ለሕመሙ የሚሰጠው ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ መጥበብ፣ የሽንት ፊኛ በሽታና የካንሰር መመለስ አለመኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።
• ሕክምናው ከቀላሉ ይጀምራል፤ በመጀመሪያ መድኃኒት፣ የአኗኗር ለውጥና የዳሌ ጡንቻ ሕክምና ይሞከራሉ።
• በጨረር የተመታ ሥጋ ቶሎ አይድንም። ስለዚህ «ቀላል» የሚባል አሠራር እንኳ ታስቦበት መደረግ አለበት።
• ሽንት ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ ወይም የረጋ ደም ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ፕሮስቴት የት ነው? ጨረር ምን ያደርገዋል?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ፣ በወጣትነት ዕድሜ ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ዕጢ ነው። የሽንት ቧንቧ በመሐሉ ያልፋል። ከኋላው የትልቁ አንጀት መጨረሻ (ሬክተም) ተጠግቶት ይገኛል፤ ከሥሩ ደግሞ ሽንትን የሚቆጣጠረው ጡንቻ አለ። በዚህ ምክንያት ወደ ፕሮስቴት የተላከ ጨረር ከነዚህ ጎረቤት አካላት ጥቂቱን መንካቱ አይቀርም።

ጨረሩ በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው ከሰውነት ውጭ ካለ መሣሪያ የሚላክ ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ በተደረገውና «ቺፕ» በሚባለው ትልቅ ጥናት 74 ግሬይ በ37 ቀጠሮ ከ60 ግሬይ በ20 ቀጠሮ ጋር ተወዳድሯል። ሁለተኛው ብራኪቴራፒ የሚባለው ሲሆን ጨረር የሚያወጡ ጥቃቅን ፍሬዎች በራሱ በፕሮስቴት ውስጥ ይተከላሉ፤ ወይም ጨረር አመንጪው በመርፌ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል። አዮዲን 125 የተባለው የሚተከል ፍሬ ኃይሉ በየ60 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተከላው በኋላ ለወራት ሥራውን ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነበረው ሲሆን በኮባልት መሣሪያ ይሠራ ነበር። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጨረሩን ወደ ዕጢው ይበልጥ ለማነጣጠር ይችላሉ። ሕክምናውን በውጭ አገር ያገኙም ጥቂት አይደሉም። የትም ይታከሙ የት፣ የሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀት ይያዙ፤ የጨረሩ ዓይነት፣ ጠቅላላ መጠኑ፣ የቀጠሮው ብዛትና የተጠናቀቀበት ቀን ሊኖርበት ይገባል። ከዓመታት በኋላ የሚያይዎት ሐኪም በመጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው።

መቆጣቱ ለምን ሥር ይሰዳል?

የጨረር ጉዳት ሁለት ጊዜ ይታያል።

የመጀመሪያው በሕክምናው ወቅትና በተከታዮቹ ሦስት ወራት ውስጥ የሚመጣ ነው። የሽንት ቧንቧውና የፊኛው የውስጥ ሽፋን ይላጣል፣ ያብጣል፤ ሽንት ያቃጥላል፣ ያጣድፋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ጨረር የትናንሽ ደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ደም ሥሮቹ ቀስ በቀስ ይጠብባሉ፣ አንዳንዶቹም ይደፈናሉ። ወደ ቦታው የሚደርሰው ኦክሲጅን ሲቀንስ ሥጋው ይጠወልጋል፤ በምትኩ ጠንካራ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው አይለጠጥም፣ በቀላሉ ይደማል፣ ቁስል ቢደርስበትም ቶሎ አይሽርም። ይህ ሂደት ከወራት እስከ ብዙ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል «ጨረሩ ካለቀ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ማለት አያስኬድም።

ከጨረሩ በፊት ፕሮስቴታቸው በጣም ያደገ፣ ሽንት ለመሽናት ይቸገሩ የነበሩ፣ ፕሮስቴታቸው ቀድሞ በኢንዶስኮፕ የተላጠ፣ የስኳር በሽታ ያለባቸውና የሚያጨሱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ምልክቶቹ

• ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ በተለይ ሽንቱ ሲያልቅ
• ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድንገት ማጣደፍ፣ ሌሊት ከሁለት ጊዜ በላይ መነሳት
• የሽንት ጉልበት መቀነስ፣ መቆራረጥ፣ «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት
• በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል፣ በብልት ጫፍ ወይም በታችኛው ወገብ የሚሰማ ሕመም፤ ብዙ ሲቀመጡ የሚብስ
• የዘር ፈሳሽ ሲወጣ ሕመም፣ የፈሳሹ ማነስ ወይም ደም መቀላቀል
• በሽንት ውስጥ ደም
• የብልት መቆም ችግር

የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብዙ ሰው ለሐኪም አይናገርም። ሐኪሙም ካልጠየቀ ሳይነሱ ይቀራሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ እነዚህ ምልክቶች ሕመሙ የት እንዳለ ለመለየት ይረዳሉ።

ከምን ጋር ይምታታል?

ሥር የሰደደ የፕሮስቴት መቆጣት ብሎ ከመደምደም በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

የሽንት ኢንፌክሽን። በሽንት ምርመራና በካልቸር ይለያል። ካልቸሩ ጀርም ካላሳየ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክን ደጋግሞ መውሰድ ጥቅም የለውም፤ ጀርሞችን መድኃኒት ያላምዳል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ጅማትን እስከመበጠስ ሊጎዳ ይችላል።

የሽንት ቧንቧ መጥበብ። ጨረር የሚያመጣው ጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮስቴት በታች፣ ሽንት ከሚቆጣጠረው ጡንቻ አጠገብ ነው። ሽንቱ እንደ ክር የቀጠነ ከሆነ ይህ ሊታሰብ ይገባል።

የሽንት ፊኛ መቆጣት ወይም ዕጢ። ጨረሩ ፊኛውንም ሊነካ ይችላል። በተጨማሪም ከዳሌ ጨረር በኋላ በቆዩ ዓመታት የፊኛ ካንሰር ዕድል በጥቂቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ በሽንት ውስጥ የታየ ደም «የጨረሩ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍም።

ቢልሃርዚያና ቲቢ። በአዋሽ ሸለቆ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ደም ከሸና የሽንት ቢልሃርዚያ መመርመር አለበት። የሽንትና የመራቢያ አካላት ቲቢም ካልቸሩ ጀርም የማያሳይ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ግን የበዛበት ሽንት ይሰጣል።

የካንሰር መመለስ። ክትትሉ በፒኤስኤ የደም ምርመራ ነው። ከጨረር በኋላ ፒኤስኤ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ለመድረስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ፒኤስኤው ከደረሰበት ዝቅተኛ ቁጥር በ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር መመለስን እንዲጠረጥሩ ይላል። ነገር ግን በተለይ ከብራኪቴራፒ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ፒኤስኤ ለጊዜው ከፍ ብሎ ራሱ ሊወርድ ይችላል። ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አይፈረድበትም፤ ተደግሞ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ላቦራቶሪ ይታያል።

የዳሌ ጡንቻ መኮማተር። ለረጅም ጊዜ ሕመም የተሸከመ ሰው ሳያውቀው የዳሌውን ጡንቻ ጨምድዶ ይኖራል። ጡንቻው ራሱ የሕመም ምንጭ ይሆናል። ይህ በፊዚዮቴራፒ ይስተካከላል።

ምን ምርመራ ይደረጋል?

ምርመራው በታሪክና በአካል ምርመራ ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የፕሮስቴት ምልክቶች መጠይቅ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 35 ነው። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ከባድ ይባላል። ሕክምና ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ መሙላቱ ለውጡን በግልጽ ያሳያል።

ቀጥሎ የሽንት ምርመራና ካልቸር፣ የኩላሊት ሥራ፣ ፒኤስኤ፣ እንዲሁም ከሸኑ በኋላ በፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት የሚለካ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ለሦስት ቀን የሚሸኑበትን ሰዓትና መጠን በወረቀት መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም፤ ለሐኪሙ ግን ብዙ ይነግረዋል።

ደም ካለ፣ ጥበት ከተጠረጠረ ወይም መድኃኒት ካልረዳ ሳይስቶስኮፒ ይሠራል። ይህ ቀጭን ካሜራ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ቧንቧውን፣ ፕሮስቴቱንና ፊኛውን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ በአብዛኛው በሚያደነዝዝ ጄል ብቻ ይሠራል። የካንሰር መመለስ ከተጠረጠረ ኤምአርአይ ሊጨመር ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጨረር ከተመታው የፊት ግድግዳ በኩል ከሬክተም ናሙና መውሰድ በአንጀትና በሽንት ቧንቧ መካከል ቀዳዳ (ፊስቱላ) ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ለአንጀት ኢንዶስኮፒ ሲሄዱ «ፕሮስቴቴ በጨረር ታክሟል» ብለው አስቀድመው ይናገሩ።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ መሣሪያ ሳይገባ የሚደረግ ሕክምና

መድኃኒት

ታምሱሎሲንና መሰሎቹ የፕሮስቴቱንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላሉ፤ ሽንት ይቀላል። የታምሱሎሲን የተለመደው መጠን በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ነው። ድንገት ሲነሱ ሊያዞር፣ የዘር ፈሳሽንም ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የታቀደ ከሆነ መድኃኒቱን እየወሰዱ መሆኑን ለዓይን ሐኪሙ ይንገሩ።

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መቆጣትን ይቀንሳሉ፤ ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ሊወስዳቸው አይገባም።

ማጣደፉ ለበዛበት ሰው ፊኛን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች (ኦክሲቡቲኒን፣ ሶሊፈናሲን፣ ሚራቤግሮን) ይረዳሉ። ፊኛው ሳይጠራ የሚቀር ከሆነ ግን ሽንትን ሊያቆሙ ስለሚችሉ አስቀድሞ በአልትራሳውንድ መለካት ያስፈልጋል። ኦክሲቡቲኒን በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሊያደናግር ይችላል።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ

ቡና፣ ጠላ፣ ጠጅና ሌላ አልኮል፣ ሚጥሚጣና የበዛ በርበሬ የተጎዳን ፊኛ ያስቆጣሉ። ሁሉንም በአንዴ መተው አያስፈልግም፤ አንዱን ለሁለት ሳምንት አቁመው ለውጡን ይዩ። ውኃን በቀኑ ክፍል አከፋፍለው ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ባለው ጊዜ ይቀንሱ። በጾም ወቅት ሳይጠጡ መዋል ሽንቱን ስለሚያወፍረው ማቃጠሉ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በማፍጠሪያው በኩልም ቀስ እያሉ ይጠጡ።

ጫት የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ፣ ጤነኛ ወንዶችን ያካተተ ጥናት ጫት መቃም የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጨረር በተጎዳ ፕሮስቴት ላይ ይህ ሲደመር ሽንት ሙሉ በሙሉ ሊቆም ይችላል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው።

የሆድ ድርቀት ፕሮስቴቱን ከኋላ ይጫነዋል። ተልባ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬና ውኃ ይረዳሉ። በቀን አንድ ሁለቴ ለ15 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ሕመምን ያስታግሳል። ውኃው ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ በጨረር የተነካ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል።

የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ

እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት አለ። ሽንት ለሚያመልጠው ሰው ጡንቻውን የሚያጠነክር ልምምድ ይታዘዛል። ሕመም ለበዛበትና ጡንቻው ለተኮማተረበት ሰው ግን የሚያስፈልገው ማላላት ነው፤ ማጠንከሩ ያብስበታል። የትኛው እንደሚያስፈልግዎ መርምሮ የሚነግርዎት ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ አሠራሮች

ከላይ ያሉት ለጥቂት ወራት በአግባቡ ተሞክረው ካልረዱ ወይም ሽንቱ የሚታገድ ከሆነ የሚከተሉት ይታሰባሉ። አሠራሩ የሚመረጠው በጎላው ችግር ነው፤ እገዳ፣ ደም፣ ማጣደፍና ሕመም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

ካቴተር

ሽንት ከቆመ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። በብልት በኩል ማስገባት አስቸጋሪ ከሆነ በኃይል መግፋት ጉዳት ስለሚያደርስ በሆድ ቆዳ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ፊኛው ውስጥ ቱቦ ይገባል። ከብራኪቴራፒ በኋላ የሚመጣ የሽንት መቆም ከዕብጠቱ ጋር አብሮ ሊያልፍ ስለሚችል ካቴተር ይዞ መታገሥ ለመቁረጥ ከመቸኮል ይሻላል።

ጥበትን ማስፋት ወይም በካሜራ መክፈት

ቧንቧው ጠብቦ ከሆነ በየደረጃው በሚወፍሩ ዘንጎች ወይም በሚነፋ ፊኛ ይሰፋል፤ አለዚያም በኢንዶስኮፕ ጠባሳው ይቀደዳል። ሰውየው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ይሁን እንጂ በጨረር የመጣ ጥበት ደጋግሞ ይመለሳል። ቦታው ሽንት ከሚቆጣጠረው ጡንቻ አጠገብ ስለሆነም መቁረጡ ሽንት እንዲያመልጥ ሊያደርግ ይችላል። ደጋግሞ የሚዘጋ ከሆነ በየወሩ ከማስፋት ይልቅ ስለ ቧንቧ ጥገና ቀዶ ሕክምና ከዩሮሎጂስት ጋር መነጋገር ይሻላል።

በመጠኑ መላጥ ወይም በሌዘር መክፈት

ፕሮስቴቱ ራሱ መንገዱን ከዘጋ በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ጥቂቱ ተልጦ መተላለፊያ ይከፈታል። የሆድ ቁስል የለውም። ጨረር ካልተቀበለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ግን ከጨረር በኋላ ሽንት የመቆጣጠር ችግር ይበልጥ ይመጣል፤ ቁስሉም ዘግይቶ ይሽራል። በመሆኑም ልምድ ያለው ሐኪም ጥቂት ብቻ ይልጣል። ፍሬ ከተተከለ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ እስኪዳከም ቢያንስ ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ይመረጣል። ሌዘር ደም መፍሰስን ይቀንሳል፤ የሽንት ማምለጥን አደጋ ግን አያጠፋም።

በእንፋሎት ፕሮስቴትን ማሟሸሽና ፕሮስቴትን በክር ገልጦ ማሰር የሚባሉት አዳዲስ አሠራሮች የተጠኑት በአመዛኙ ጨረር ባልተቀበሉ ሰዎች ላይ ነው። ማስታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ውጤት ለእርስዎ እንዳለ አይሠራም።

የፕሮስቴት ደም ሥርን መድፈን

ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት ከእጅ አንጓ ወይም ከጭን ሥር ባለ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በኤክስሬይ እየተመራ፣ ወደ ፕሮስቴት በሚሄዱት ደም ሥሮች ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለቃል። ካንሰር ለሌለበት የፕሮስቴት ዕድገት ይህ የታወቀ አማራጭ ነው። ጨረር በተቀበሉ ሰዎች ላይ በዋናነት የሚታሰበው ከፕሮስቴት የሚፈስ ደም በሌላ መንገድ አልቆም ሲል ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ደም ሥሮቹ በጨረር ስለጠበቡ ነው፤ ቅንጣቱ ወደ ፊኛ፣ ወደ ሬክተም ወይም ወደ ብልት ከሄደ ቀድሞም ደም ያነሰውን ሥጋ ይጎዳል። ከአሠራሩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሕመምና ቀላል ትኩሳት ይጠበቃል።

የኦክሲጅን ሕክምና በግፊት ክፍል ውስጥ

ከላይ እንዳልነው የጉዳቱ መነሻ የኦክሲጅን ማነስ ነው። በዚህ ሕክምና ሰውየው ግፊቱ ከተለመደው አየር ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ኦክሲጅን ይተነፍሳል። አንዱ ቀጠሮ 80 እስከ 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጠቅላላው ከ30 እስከ 40 ቀጠሮ ያስፈልጋል። ዓላማው አዳዲስ ትናንሽ ደም ሥሮች እንዲበቅሉ መርዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በፊንላንድ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከጨረር በኋላ የፊኛ መቆጣት ያለባቸው ሰዎች በዚህ ሕክምና የሽንት ምልክታቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። በሌላ በኩል በብሪታንያ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት ለአንጀት ምልክቶች ጥቅም አላገኘም። ሁለቱም የፕሮስቴትን መቆጣት ለብቻው ያጠኑ አይደሉም። ስለዚህ ፊኛው አብሮ የተጎዳና በተለይ ደም የሚሸና ሰው ይበልጥ ሊጠቀም ይችላል፤ ሕመም ብቻ ላለበት ግን ማስረጃው ደካማ ነው።

ጉዳቶቹ የጆሮ ሕመም፣ ለጊዜው የዓይን እይታ መለወጥና አልፎ አልፎ የሚጥል ሕመም ናቸው። ሳንባው አየር ያፈሰሰ ሰው ሳይታከም መግባት የለበትም። ሕክምናው በየቀኑ ለሳምንታት የሚሰጥ ስለሆነ ወደ ሌላ አገር ከመጓዝዎ በፊት የማደሪያና የሕክምናውን ሙሉ ወጪ ያስሉ።

በፊኛ ውስጥ የሚሰጡ መድኃኒቶች

ሃያሉሮኒክ አሲድ በቀጭን ካቴተር ፊኛ ውስጥ ገብቶ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ የተላጠውን የውስጥ ሽፋን ለመተካት ያግዛል። ማጣደፉ በመድኃኒት ላልተቆጣጠረ ሰው ቦቱሊነም ቶክሲን በሳይስቶስኮፕ ወደ ፊኛው ግድግዳ ይወጋል። ከዚህ በኋላ አንዳንዱ ሰው ለጊዜው ራሱ ካቴተር እያስገባ መሽናት ሊያስፈልገው ስለሚችል አስቀድሞ መስማማትና መለማመድ አለበት። የሚደማ ነጥብ ከታየ ደግሞ በዚያው በካሜራው በኩል ይተኮሳል።

ነርቭን ማነቃቃት

ከቁርጭምጭሚት አጠገብ በሚገባ ቀጭን መርፌ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ይደረጋል። ማጣደፍንና ቶሎ ቶሎ መሽናትን ለመቀነስ ይረዳል፤ የጨረሩን ቦታ ስለማይነካ ቁስል አይፈጥርም።

ሬክተሙ አብሮ ሲደማ

ከፊንጢጣ ቀይ ደም የሚያይ ሰው በመጀመሪያ ምክንያቱ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት። የጨረር ጉዳት ከሆነ በሱክራልፌት እጥበት ወይም በአርጎን ጋዝ አማካይነት በኢንዶስኮፕ የሚደሙትን ደም ሥሮች በመተኮስ ይታከማል።

ከመወሰንዎ በፊት የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

• ምልክቴ የመጣው ከእገዳ፣ ከፊኛ ወይስ ከጡንቻ ነው? በምን ተረጋገጠ?
• ካንሰሩ አለመመለሱ በምን ታይቷል?
• ይህን አሠራር ጨረር በተቀበሉ ሰዎች ላይ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?
• ሽንት የማምለጥ ዕድሌ ምን ያህል ነው? ቢያመልጠኝስ ምን ይደረጋል?
• ለጥቂት ወራት ብንጠብቅ ምን እናጣለን?
• ካልረዳ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

የደም ማቅጠኛ (አስፒሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ) የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ጥንቃቄ የሚሹ ልማዶች

ፕሮስቴትን በጣት ማሸት፣ በወገብና በሆድ ላይ መተኮስ፣ «ያጸዳል» የሚባሉ ምንነታቸው ያልታወቀ ሥራ ሥሮችን መጠጣት በጨረር የተዳከመን ሥጋና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጸበል የሚጠጡ ሰዎችም የታዘዘላቸውን መድኃኒትና የፒኤስኤ ቀጠሮ ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ እንመክራለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በብዛት መጠጣት የተከለከሉ የልብና የኩላሊት ሕሙማን ግን የውኃውን መጠን ሐኪም ይጠይቁ።

በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ሽንት መሽናት ፈጽሞ አለመቻል፣ ከእምብርት በታች መወጠር
• ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከሽንት ማቃጠል ጋር
• የረጋ ደም መሽናት፣ ወይም ደም እየፈሰሰ ማዞርና መድከም
• ሽንት ውስጥ አየር ወይም ሰገራ መታየት፣ ወይም ሽንት በፊንጢጣ መውጣት (የፊስቱላ ምልክት)
• የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ አዲስ ከባድ የጀርባ ሕመም

ከቤተሰብ ጋር

ይህ ሕመም ሌሊቱን ስለሚነጥቅና የጾታ ግንኙነትን ስለሚያውክ ሚስትም አብራ ትቸገራለች። ብዙ አባቶች ልብሳቸው እንዳይረጥብ ፈርተው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከለቅሶና ከዕድር ይቀራሉ። ሕመሙ አይተላለፍም፤ ግንኙነት ማድረግም ካንሰሩን አያነሣሣም። ለብልት መቆም ችግር መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የልብ ናይትሬት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ ከታምሱሎሲን ጋርም የደም ግፊትን ሊጥል ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከበረቱ ይህንንም ለሐኪም መንገር የሕክምናው አካል ነው።

ምን መጠበቅ ይገባል?

ጠባሳን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ሕክምና የለም። የሕክምናው ግብ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነሳ የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ እንዲነሳ፣ ሳይሰጋ ከቤቱ እንዲወጣ፣ ሕመሙም ሥራውን እንዳያስተጓጉል ማድረግ ነው። ይህ ለብዙዎች በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በጥንቃቄ ብቻ ይገኛል። አሠራር የሚያስፈልጋቸውም ቢሆኑ አነስተኛውን መርጠው፣ ውጤቱን አይተው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቢሄዱ ይሻላል፤ በጨረር የተመታ ቦታ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ መመለሻው ከባድ ነውና።

ለሚቀጥለው ቀጠሮዎ የጨረር ሕክምና ማጠቃለያዎን፣ እስካሁን የተሠሩትን የፒኤስኤ ውጤቶች ከነቀናቸው፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የሦስት ቀን የሽንት መዝገብዎን ይዘው ይሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።